ሰሙ የኔ ነበር

ውርጩ ገና ሳይለቅ የመሐል ሜዳን ሣር፣
ማስታወቂያ አየሁ ከፋይናንሱ በር።
ሁለት መቶ አርባ ዴስክ፣ ሦስት ልጅ የሚያስቀምጥ፣
ሚስማሩ ጠልቆ የገባ፣ ጥርሱ የማያገጥጥ።
የሰነዱ ዋጋ ሦስት መቶ ብር ነው፣
ከተከፈለ ወዲያ የማይመለሰው።
ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣
ማኅተም ያረፈበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ድረስ።
"ፖስታው ይታሸግ" ይላል፣ "በሰም፣ በጥንቃቄ"፤
ቆሜ አነበብኩት መጋዜን አንቄ።

ሸሪኬ ደምሰው ራሱን ነቀነቀ፤
"ያምናውን ረሳኸው?" አለና ሳቀ።
"የጤና ጣቢያውን መደርደሪያ ሠርተን፣
በግንቦት አስረክበን፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አስቆርጠን፣
ሰኔ ሠላሳ መጣ፣ በጀቱ ተዘጋ፤
'በመስከረም ኑ' አሉን፤ መስከረም ሲነጋ
'ፈራሚው ስብሰባ'፣ በጥቅምት 'ሥልጠና'፤
ብሩን ያየነውስ ገብሱ ሲወቃ ነው ገና።
እኔ ግን ለጣውላው፣ ለሙጫው፣ ለመብራት፣
የሚስቴን በጎች ነው ሸጬ የከፈልኩት።"

"መንግሥት አይክድም" አልኩ።
                    "አይክድም፤ ልክ ነህ።
አይቸኩልም እንጂ። አንተ ግን ትራባለህ።
ይልቅ የሰው ሥራ፤ ሰው በእጁ ይከፍላል፤
ሙሽራው አልጋ ይሻል፣ ሟች ሣጥን ይላል፤
ሠላሳ ሰው ቢያስቀር አሥር አሥር ብርህን፣
ከአንድ ግዙፍ ባለዕዳ እሱ ይሻልሃል።"

ዝም አልኩ። እውነት ነው። ግን ደግሞ እቤቴ
አራተኛ ክፍል ናት ልጄ፣ ትርሲቴ።
ማታ ስትመለስ ቀሚሷ ከኋላ
አፈር ለብሶ ይገባል፤ ድንጋይ ላይ ነው ውላ።
እኔ አናጢው አባቷ፣ የአልጋው፣ የቁም ሣጥኑ፣
ለሷ ዴስክ ሳልሠራ ስንት አለፈ ዘመኑ።

ሌሊቱን አሰላሁ። ጽድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቫርኒሽ፣
ከደብረ ብርሃን አይሱዙ፣ ለአውራጁም ትንሽ፣
መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት እንኳ ደመርኩ፤
ትርፌን ሁለቴ ፍቄ ሁለቴ ጻፍኩ።
ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ ለአንዱ፣ ከነቫቱ፤
ከዚህ በታች ብወርድ ይስቃል እንጨቱ።
ከሱቅ ጧፍ ገዛሁ፣ ሻማ አልነበረም፤
ፖስታው ላይ አንጠባጠብኩ፣ ጣቴን እያቃጠለ ሰም።

ሣጥኑ ተከፈተ። ስድስት ነን፤ ተቀመጥን፤
እግሩ የላላ አግዳሚ እያነቃነቀን።
የኔን አነበቡት፤ "ጥሩ ነው" አልኩ በሆዴ፤
ሃምሳ ብር ዝቅ ብሎ አለፈኝ አንድ ነጋዴ።
ከአዲስ አበባ ነው፤ ማኅተምና ቦርሳ፤
መላጊያ አያውቅም፣ መጋዝ ከቶ አላነሣ።
ደምሰው አላሾፈም። ሻይ ጋበዘኝ፤
"ሰሙ ያንተ ነበር" አለ፤ ወርቁን አልነገረኝ።

በሳምንቱ ማክሰኞ አንድ መኪና ቆመ፤
ባለቦርሳው ወርዶ ጣውላዬን ገመገመ።
"ሁለት መቶ አርባ ዴስክ ትችላለህ?" አለ፤
"ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፤ ግማሹ በእጄ አለ፤
ቀሪው ስትጨርስ፣ ሳይውል ሳያድር።"
ደምሰውን አየሁት፤ እሱ አየ ምድር።

እንግዲህ ንገሩኝ። መንግሥት አይቸኩልም፤
ባለቦርሳው ቸኩሏል፤ ልጄም አትጠብቅም።
ከዋጋዬ ላይ ስምንት መቶ ተገምጦ፣
ግማሹ ብር ደግሞ ፊቴ ተቀምጦ።

ላግን፣ ሰነጠቅን፣ አርባ ቀን አመሸን፤
ሰጋቱራው ገባ እስከ ዓይናችን ሽፋን።
ቫርኒሽ ሳልቀባው ገልብጬ እያንዳንዱን፣
በእርሳስ ጻፍኩበት ሰው የማያየውን ሆዱን፦
ሦስት ሺህ አራት መቶ። አንድም ሳልቀንስ።
ሁለት መቶ አርባ ጊዜ፣ እርሳሴ እስኪጨረስ።

ትርሲት ባለፈው ሰኞ እራት ላይ ጠየቀችኝ፤
"አባዬ፣ ከዴስካችን ሥር ቁጥር አየሁ" አለችኝ፤
"ላጲሴ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል። ምንድን ነው?"
"ሒሳብ ነው" አልኳት።
                    "መልሱ ልክ ነው?"

ከፋይናንሱ በር አዲስ ነገር ወጥቷል፤
የመጻሕፍት መደርደሪያ፤ ሰነዱ ጨምሯል።
ደምሰው አይቶታል፤ ምንም አልተናገረ፤
የዚያ ጧፍ ግማሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ።